ያልታጠበው ጠገራ

ሴትዮዋ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የተደረደሩትን የብር ጌጥ ሱቆች አንድ በአንድ አልፈው ሙነወር ጋ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል።

«የሙስአብ ልጅ አንተ ነህ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«አዎ እማማ። አባቴን ያውቁት ነበር?»

«በስም አውቀዋለሁ» ብለው ከጨርቅ ውስጥ አንድ የምኒልክ ጠገራ ብር ፈተው አወጡ።

የሙነወር ልብ ዘለለ። ብሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ አመድና ሎሚ ነክቶት አያውቅም። አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚሞቱለት ደግሞ ይሄንኑ ጥቁረት ነው። ታሽቶ የነጣ ብር በሚዛን ይሸጣል። ያልታጠበውን ግን በደላላ ያፈላልጉታል።

«ጠቁሯል እኮ» አለ ፊቱን ጨፍገግ አድርጎ። «እንዲህ የሆነውን ማን ይፈልገዋል? ለማቅለጫ ከሆነ እኔ ልውሰድልዎ።»

«እንዳለ ነው የተቀመጠው፤ ለማጠብም እጃችን አልሄደም። የመሰለህን ስጠኝ።»

የሰጣቸውን ሳይቆጥሩ ያዙ። ለደረሰኝ ሲጠይቃቸው ሃረገወይን እንደሚባሉና ገርጂ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት እንደሚኖሩ ነገሩት።

«ባለቤቴ ገብረሃንስም ብር ሠሪ ነበር» አሉት። «ካረፈ ዓመት አልሞላውም።»

«ነፍስ ይማር» አለ ሙነወር። ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

እዝራ የሚባለው ሰብሳቢ በማግስቱ መጣ። ብሩን በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየ። አልተከራከረም። ሙነወር የተቀበለው ገንዘብ እሱንና ሚስቱን ሐሊማን ሐጅ አድርሶ ይመልሳል።

ሐሊማ ሻንጣ መምረጥ ጀመረች። እሱ ግን ሰላት ላይ ቆሞ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለ ይጠፋበት ጀመር። ግንባሩን መሬት ባስነካ ቁጥር ያ ጥቁር ልብስ ይመጣበታል። በመጨረሻ ለሐሊማ ነገራት።

«ባል የሞተባቸውን ሴት ሐቅ ይዘህ ነው ካዕባ ፊት የምትቆመው?» አለችው። «እኔ በእሱ ገንዘብ አልሄድም። ወስደህ ስጣቸው።»

«ሁሉንም?»

«ግማሹን ነው እንዴ የዋሸሃቸው?»

እሑድ ጠዋት ገርጂ ሄደ። ሃረገወይን በሩን ከፍተው ሲያዩት ደነገጡ። ወንበር ሳቡለት። ሊጮሁብኝ ነው አለ በልቡ። ገንዘቡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዋሽቼዎት ነው እማማ። ብሩ የተወደደው በመጥቆሩ ነው። ይሄ ሐቅዎ ነው፤ አውፍ ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ ገንዘቡን አልነኩትም።

«ያን ቀን የሰጠኸኝንም አልበላሁትም» አሉ። «መድኃኔዓለም ደጅ ላሉ ነዳያን ነው የሰጠሁት።»

ሙነወር የሚገባበት ጠፋው። እሱ ከእጃቸው ሲነጥቅ እሳቸው ይመጸውታሉ።

«ስለ አላህ ብለው ይቀበሉኝ» አለ። «ይሄን ይዤ ተመልሼ ቤቴ አልገባም።»

ሃረገወይን ገንዘቡን ወደ እሱ ገፉት። እንባቸው ይወርድ ነበር።

«ያን ቀን ልነግርህ ነበር የመጣሁት፤ አፌ እምቢ አለኝ። ውሰደው ልጄ፤ ብሩን ባሌ ነው ከአባትህ ሱቅ የሰረቀው።»