የመርጃኑ መብራት

ሰዲቅ ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው በመብራት ሰበብ ነው።

ወጣትነቱን ጅዳ ውስጥ፣ የባሕር ዓሣና ከባሕር ሥር የሚበቅለውን መርጃን በሚሸጥ ሱቅ ጨርሶ ወደ መካነ ሰላም ሲመለስ፣ ሌላው እንደሚያደርገው መኪና አላመጣም። ያመጣው አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳና በጆንያ የታሰረ የባሕር ጨው ነበር። ዓሦቹና መርጃኖቹ ኋላ በሰው እጅ፣ ውኃ በተሞላ ላስቲክ ተቋጥረው መጡለት። «መርጃን ድንጋይ እንዳይመስላችሁ» ይላል ለሚጠይቀው ሁሉ፤ «ነፍስ አለው። የሚኖረው በብርሃን ነው፤ ብርሃን ካጣ ይሞታል።» ከከላላ ለገበያ የሚመጣው ባለበቅሎ ሳይቀር ጎራ ብሎ፣ «ሱብሃነላህ! ቁርኣን ላይ የሰማነው መርጃን ይሄ ነው?» እያለ ተገርሞ ይሄዳል።

ሚስቱ ፈትሂያ ግን ገንዳውን አልወደደችውም። ጨዋማው ውኃ እየፈሰሰ ምንጣፏን ሲበላባት፣ «ይሄ ባሕርህ አንድ ቀን እኔን ከቤት ያስወጣኛል» ትል ነበር፤ እየሳቀች። ሰዲቅ ያን ጊዜ አብሯት ስቋል።

መጀመሪያ ከገንዳው በላይ የሰቀለው መብራት መልካም ነበር። ሐምራዊው ሐምራዊ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል። የግድቡ ወሬ አገር ምድሩን በሞላበት ሰሞን ግን መብራቱ አመድ እንደለበሰ ፍም እየፈዘዘ ሄደ። ሰዲቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው ይሄነው ዘንድ ሄዶ፣ ነጩን ከሰማያዊው፣ ረጅሙን ካጭሩ ሲያማርጥ ውሎ ጠንከር ያለውን ሰቀለ። ሰንበትበት ሲል እሱም ፈዘዘ። ከሱ የሚብስ ብርቱ መብራት ከአዲስ አበባ አስመጣ። ይኸኛውም ፈዘዘ።

«ፈትሂያ፣ መብራቱን ነካክተሽዋል?»

«እኔ? ምን ልሠራ ብዬ?»

«ታዲያ አዲስ ዕቃ እንዲህ ይሆናል?»

ጨርቋን አንሥታ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ውኃ መጥረግ ያዘች። ነገሩን እንዲህ ማለፏ አልጣመውም። ከዚያ ወዲህ በዓይነ ቁራኛ ይከታተላት ጀመር። ለዓሦቹ ምግብ ስትበትን ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው። ንጹሕ ሰው ፊቱን ምን ያስደብቀዋል? አለ በልቡ።

ቤቱም የነገር ቤት ሆነ። በርጩማው መተላለፊያ ላይ ተደንቅሮ ያደናቅፈዋል። የሻይ ብርጭቆው ክንዱ ሥር ተቀምጦ ይገለበጣል።

«ሆን ብለሽ ነው!» ይላታል።

«ኧረ አላህን ፍራ፤ አብሽር፣ አነሣዋለሁ» ትለዋለች።

ቁጣውን በቁጣ ስላልመለሰችለት ጭራሽ ጠረጠራት። የጥንቷ ፈትሂያ ነገር የምትውጥ ሴት አልነበረችም።

አንድ የገበያ ቀን ወደ ይሄነው ሱቅ ሲያመራ፣ ደጃፉ ሳይደርስ የሚስቱን ድምፅ ሰማ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«አደራህን፣ ከእንግዲህ እንዳትሰጠው። ከዚህ የሚበልጥ የለም በለው።»

«እሺ እቴ። ግን እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ?»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልንገረው?»

ሰዲቅ እርምጃዋ እስኪርቅ ጠብቆ ገባና መብራት ጠየቀ። ይሄነው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ከዚህ የሚበልጥ የለም፣ ጋሽ ሰዲቅ» አለው። ቃል በቃል።

አሁን ሁሉም ተገለጠለት። ሚስቱ ደህና ደህናውን መብራት እያወጣች ለነጋዴው ትመልሳለች፤ እሱ የደከመ መብራት ይሰጣታል። በመካከላቸው ያለው ደግሞ የመብራት ነገር ብቻ ላይሆን ይችላል።

መርጃኖቹ መሞት ጀመሩ። እጁን ሰዶ ሲዳስሳቸው ለስላሳው አካላቸው አልቆ እንደ አጥንት ይሻክራሉ። ዓሦቹም ድንጋይ ሥር ተሸጉጠው ለምግብ እንኳ አይወጡም። ጅዳ ለቀረው የሥራ ባልደረባው ለኸድር ደወለ።

«ይህማ ብርሃን ሲበዛ የሚመጣ ነው» አለው ኸድር። «ቀንስላቸው እንጂ፤ እያቃጠልካቸው ነው!»

«በጨለማ የሚቃጠል ነገር የት አይተሃል?» ብሎ ስልኩን ዘጋበት። ከዚያ በኋላ የሚያማክረው አልፈለገም።

ሸህ ጠልሐ ዘንድ ሄደ፤ ኒካሕ ያሰሩላቸው ሽማግሌ ናቸው። «እርስዎ ያሰሩትን እርስዎ ፊት ልፈታው ነው» አላቸው። «ግን በሐሜት አይደለም። መጥተው ይዩልኝ። ይሄነውም ይጠራ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሁሉም መጡ። ሰዲቅ የመብራቱ ነገር በደንብ እንዲለይ መጋረጃዎቹን በገዛ እጁ እየሳበ ዘጋ። ሸሁ ዱዓ አድርገው ተቀመጡ። ፈትሂያ ከገንዳው አጠገብ ሆና ስትንሰቀሰቅ ይሰማል።

«ጥፋትሽ ነው የሚያስለቅስሽ?» አላት።

«ስንት ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።»

«እንግዲያ ዛሬ ተናገሪ!»

«ወላሂ አልችልም። ከኔ አፍ አይውጣ።»

ሰዲቅ ወደ ሸሁ ዞረ። «ሰሙ? ራሷ አመነች። እሷና ይሄ ነጋዴ ተመካክረው ነው ነፍስ ያለው ነገር በጨለማ የሚገድሉብኝ።»

ይሄነው ሊናገር ጀምሮ ተወው።

«በሉ እንግዲህ፣ በዓይናችሁ ፍረዱ» አለ ሰዲቅ። «ፈትሂያ፣ አብሪው!»

ፈትሂያ ይበልጥ ተንሰቀሰቀች።

«አብሪው አልኩሽ!»

ሸህ ጠልሐ ተነሥተው መጡና ትከሻውን ያዙት።

«ልጄ፣ መብራቱማ ከገባን ጀምሮ በርቷል፤ እኛ ከብርታቱ የተነሣ ዓይናችንን መግለጥ አቅቶናል።»