በእግሩ ከጨረሰ

በሲቀላ ሰፈር ቆርቆሮ የሚሸጠው ባፈና ሁለት ነገር አይወድም ነበር፤ በዱቤ መሸጥና በእግር መሄድ። ስኳሩ ከፍ ማለቱን የነገረው ሐኪም «በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርህ ተንቀሳቀስ» ቢለው፣ «መኪና ያለው ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ ከሰረ ይባላል» ብሎ ሳቀበት። ሚስቱ ጌጤ ግን አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን አጥቢያቸው ካምባ ላይ ለሚሠራው የእናቶች ማቆያ እርዳታ ማሰባሰብ ጀመረ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ ግን የለውም። ለዚሁ ሲባል የበጎ አድራጎት ማራቶን ተዘጋጀ። ከየአጥቢያው አንድ አንድ ሯጭ ይመዝገብ ተባለ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌው አቶ ኦይታ «ማን ይሮጥልናል?» ሲሉ የሂሳብ መምህሩ አጵሎስ እጁን አወጣ። አጵሎስ ከወንበር ሲነሳ ወንበሩም አብሮት የሚነሳ ሰው ነው።

ባፈና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ብድግ አለና፣ «የአጥቢያችን ሯጭ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር በእግሩ ከጨረሰ፣ የማቆያውን ጣሪያ በሙሉ እኔ አለብሳለሁ!» አለ።

ጉባኤው «አሜን!» ሲል የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የእርዳታ አሰባሳቢው ኮሚቴ ጸሐፊ ጌጤ ነበረች፤ ቃሉን አንድ ፊደል ሳትቀንስ በቃለ ጉባኤ አሰፈረችው። ገበያ ላይ የተባለ ነገር ይካድ ይሆናል፤ በአሜን የታተመ ግን አይመለስም።

በሳምንቱ፣ አጵሎስ ከሲቀላ ዳገቱ ላይ ወዳለው ሴቻ ሰፈር እየሮጠ ይወጣል የሚል ወሬ ሱቁ ድረስ መጣ። ባፈና ምሳው አልወርድለት አለ።

«ያ ሰውዬ? ያንን ዳገት?» አለ ቤቱ ሲገባ። «በባጃጅ ነው የሚወጣው። አንገቴን ለካራ!»

«እንግዲያው ተከታትለህ ያዘው» አለች ጌጤ ጎመን እየቀነጠሰች። «በመኪና ግን እንዳታስበው። የፒክአፕህን ድምፅ የሐይቁ አዞ ሳይቀር ያውቀዋል።»

ባፈና ተከታተለ። የመጀመሪያው ቀን ገና ዳገቱ ወገብ ላይ ነፍሱ በአፍንጫው ልትወጣ ደረሰች። ደግነቱ አጵሎስም የጫማው ክር ተፈቶበት ጎንበስ ብሎ ያስር ነበር። በማግስቱም ተፈታበት። በሦስተኛውም ቀን።

«ክር ማሰር ያልቻለ ሰው ልጆቻችንን ሂሳብ ያስተምራል» አለ ባፈና፣ ማንጎ ዛፍ ተደግፎ እያለከለከ።

አጵሎስ ረሺም ነበር። በየመንገዱ ዳር ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ ጥሎ ይሄዳል። ባፈና ነጋዴ ነውና የወደቀ ዕቃ አያልፍም፤ እያነሳ ይጠጣል።

ወር በወር ላይ ተደረበ። አጵሎስ ወደ ላንቴ፣ ወደ ሙዝ እርሻዎቹ ርቀቱን ጨመረ፤ ባፈናም ጨመረ። ኮቴው እንዳይሰማ ብሎ የስፖርት ጫማ ገዛ። ቀበቶው ላይ በምስማር አራት አዲስ ቀዳዳ በሳ።

«ይህ ሰው በንዴት አከሳኝ» ይላል።

«ዛሬስ ያዝከው?» ትለዋለች ጌጤ።

«ዛሬም ተጠነቀቀ፣ ሌባ!»

«ነገ ቀደም ብለህ ውጣ እንግዲህ። ደግሞ መታወቂያህን ስጠኝ እስቲ፣ ለአንድ ጉዳይ ፈልጌው ነው።»

የውድድሩ ቀን ጠዋት መንገዱ ለመኪና ዝግ ሆነ። ጌጤ ለደጋፊው ሁሉ የታደለውን ቢጫ ቲሸርት አምጥታ ራሷ አለበሰችው። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ አልተንከባከበችውም። ጀርባውን መታ መታ አድርጋ፣ «እንዳያመልጥህ!» አለችው።

አጵሎስ ትልቅ የውሃ ቦርሳ ጀርባው ላይ አዝሎ ከሴቻ ተነሳ። ባፈና መቶ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ። ሲቀላ ላይ የሱቅ ጎረቤቶቹ «ጋሽ ባፈና! በርታ! ጎበዝ!» እያሉ አጨበጨቡ። የሚያላግጡበት መሰለውና አንገቱን ደፍቶ አለፈ። በየጣቢያው የቆሙት ልጃገረዶች ውሃ ያቀብሉታል፤ ከኋላው ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ይጭራሉ። እሱ በነጻ የተሰጠ ነገር አይመልስም፤ ይጠጣል፣ ይከተላል።

ላንቴን አልፈው ዞሩ። ፀሐይዋ አናት መብሳት ጀመረች። ተመልሰው የሴቻ ዳገት ሥር ሲደርሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ መንገዱም ለመኪና ተከፍቷል። አጵሎስ ቆመ። ግራ ቀኙን አየ። ባጃጅ ጠርቶ ገባ።

ባፈና ከደስታው ብዛት መሬቱን በቡጢ ሊመታው ምንም አልቀረው። ስንት ወር የለፋበት! ግን ማን ያምነዋል? ይህ ሰው ላይ ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ «ጨረስኩ» ቢልስ? ቆርቆሮው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ባፈና ጥርሱን ነክሶ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው።

ሴቻ ሲደርስ ሕዝቡ በእልልታ መንገድ ለቀቀለት። የመጨረሻዋን መስመር ረግጦ ገባ። አጵሎስ ጥላ ሥር ተቀምጦ አምቦ ውሃ ይጠጣል፤ አጠገቡ ጌጤ አለች።

«በባጃጅ ነው የመጣው!» ብሎ ጮኸ ባፈና። «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ቆርቆሮዬን አትነኩም!»

«እውነቱን ነው» አለ አጵሎስ። «ዳገቷን በባጃጅ ነው የወጣኋት።»

አቶ ኦይታ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው አንዴ አነበቡ። ከዚያ ባፈናን ትከሻውን ይዘው ቀስ ብለው አዞሩትና፣ ጌጤ ጠዋት ቲሸርቱ ጀርባ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያዘችውን ወረቀት ለሕዝቡ ጮክ ብለው አነበቡ፦

«የአጥቢያችን ሯጭ፣ ባፈና ባሳ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።»