ድምፅ ያጣው ካሴት

አባቴ የሞተው እኔ አፍ ሳልፈታ ነው። ድምፁን አላውቀውም። የተረፈን አንድ የቪዲዮ ካሴት ነው፤ እሱን ወደ ኮምፒውተሬ ልገለብጥ ከእናቴ ጋር ተቀመጥን። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ድምፅ ግን ወፍ የለም።

ይሄ ኮምፒውተሬ የሚሠራበት ሊኑክስ የሚሉት ሥርዓት እንደ አማት ነው፤ ሲያኮርፍ ምን እንዳስከፋው አይናገርም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ጨመርኩ። አባቴ ሕፃኑን እኔን አቅፎ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ምን እያልክ ነው፣ የኔ ጌታ?»

መልስ የሰጣት የለም። ቢጨንቀኝ የቀዳሁትን መልሼ አጫወትኩት፤ ጥፋቴ ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሙ ምስሉን ከካሴቱ ሲወስድ፣ ድምፁን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ማይክ ነበር። የቀዳሁት የተቀመጥንበትን ክፍል ድምፅ ኖሯል። ወንበሬ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ስራገም ተሰማ። ቀጥሎ እናቴ፦

«ምን እያልክ ነው፣ የኔ ጌታ?»

«እዚሁ ነኝ እኮ» አለ አንድ ወንድ፣ ከማይኩ አጠገብ።

ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣ አባዬ ነው! ሰማሽው? አባዬ እኮ ነው!»

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ዝም በል፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ይሄ የአባትህ ድምፅ አይደለም።»