የቀጋ አጥር

ታረቀ ጠንካራ አፈር ጠብቆ የሰነዘረው ዶማ እስከ እጀታው ሰመጠ። ተንበረከከና እጁን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ቀዝቃዛ፣ ድቡልቡል ነገር ነካ። አወጣው፤ ድንች ነው። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ቁና የሚሞላ ድንች ጎተራ እንደገባ እህል ተከምሯል። ከጉድጓዱ ጥግ አንድ ጠባብ መንገድ ተነሥቶ በድንቹ መደብ ሥር ለሥር ይሄዳል። አንዳንዱ ድንች ላይ ጥርስ ያረፈበት ምልክት አለ።

ፍልፈል!

ታረቀ ፊቱ ጋለ። ማንም ሳያየው አፈረ።

ዘሩን የሰጡት ጎረቤቱ እትዬ ጥላነሽ ናቸው። ገጠር፣ ሮብ ገበያ ከሚኖረው ገበሬ ወንድማቸው ያመጡትን ድንች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እንደ ልማዳቸው በአጥሩ መሹለኪያ ገብተው፣ "ይሄን ትከል፤ የገበያው ድንች ውሃ ውሃ ይላል" አሉት። አመድ እንዲነሰንስ፣ ግንዱን አፈር እንዲያስታቅፍ፣ ቅጠሉ እስኪጠወልግ እንዲታገሥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የቸኮለ ሰው ደግሞ ግንዱን ሳይነቅል፣ ከሥር በጣቱ ዳብሶ ትልልቁን እንዴት እንደሚወስድ አሳይተውታል። ያሳሳተውም ይሄው ነው።

ሐምሌ ላይ ሦስት አራት ግንድ ቢነካካ ሥሩ ባዶ ሆነበት። ቅጠሉ ለምልሞ ቆሟል፤ ድንቹ የለም። አጠገቡ አፈሩ ጉብ ጉብ ብሏል። "ያስተማረችኝ ራሷ ፈልቅቃ ወስዳ፣ አፈሩን መልሳ አልብሳዋለች" አለ በልቡ። ታረቀ የደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስለ አፈር የሚያውቀው እሳቸው የነገሩትን ብቻ ነው፤ ግን ደረስኩበት አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ለማንም ቃል አልተነፈሰም። ዝም ብሎ የቀጋ እሾህ አስቆርጦ መሹለኪያውን ደፈነ። በሌላው ጎረቤት በኩል አንድ እሾህ አልጨመረም።

አሁን አፈሩን በእግሩ እየገፋ ጉድጓዱን መክደን ጀመረ።

"ምን አገኘህ?" አለች ሚስቱ አሰገደች ከማድቤት ብቅ ብላ።

"ምንም። ድንጋይ ነው።"

መጥታ ጉድጓዱ አፋፍ ቆመች። ድንቹን አየች፤ እሱን አየችው።

"እኔ እኮ ስማቸውን እንኳ አልጠራሁም" አለ።

"እሾሁ ጠርቶልሃል" አለችና ቁናውን እግሩ ሥር አስቀምጣለት ተመለሰች።

ያልተነከሰ ያልተነከሰውን እየመረጠ ሞላ። በመሹለኪያው ሊወጣ ቢሞክር ራሱ ያቆመው ቀጋ ክንዱን ቧጠጠው። በዋናው በር ወጥቶ፣ ኮብልስቶኑን ዞሮ፣ ቦኖው ጋ የውሃ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ማለፍ ግድ ሆነበት።

"ታረቀ፣ ድንቹ ደረሰልህ እንዴ? ለማን ነው?"

"ለጎረቤት" አለ። ለየትኛው እንደሆነ ለመናገር አፈረ። እትዬ ጥላነሽ ድሮ በመሹለኪያው ገብተው ከእሱ ቧንቧ ነበር የሚቀዱት። ከሐምሌ ወዲህ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ወደ ቦኖው የሚመላለሱት በዚህ መንገድ ነው። ይህን ያህል እንደሚርቅ እስከ ዛሬ አላሰበውም።

እትዬ ጥላነሽ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩት ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ።

"ግባ እንጂ፤ ምን ደጅ ያስቆምሃል?"

አልገባም። ቁናውን ዘረጋላቸው። "እትዬ፣ የእርስዎ ዘር ነው" አለ። የመጣው ይቅርታ ሊል ነበር።

እሳቸው ከላይ ያለውን አንሥተው አገላበጡት። ያን ሁሉ መርጦ አንድ የተነከሰ አምልጦታል። የጥርሱን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ፍልፈል" አሉ። "ሐምሌ መጨረሻ ላይ አፈርህ ጉብ ጉብ ብሎ በአጥሩ አሻግሬ አይቼው ነበር። ያኔውኑ ወጥመድ ቢደረግለት ይህን ያህል አይፈጅህም ነበር።"

"ታዲያ አይተው ለምን ዝም አሉኝ?"

እትዬ ጥላነሽ ወደ ጓሯቸው ጫፍ ተመለከቱ። ታረቀም ዞሮ አየ። አጥሩን ከዚህ ወገን ሲያየው የመጀመሪያው ነው። እሾሁ ሁሉ ጫፉን ወደ እሳቸው ቤት አዙሮ ቆሟል።

"በየት በኩል መጥቼ፣ ልጄ?" አሉ።