የመግቢያው ትንፋሽ

ሽማግሌው ኪቦርዲስት አሁንም ዘግይቶ ገባ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፉ የሟቹ ጓደኛው ጊታር በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ጥሎት ሄዷል፤ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ትንሽ ተከትሎ ሮጠና ቆመ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ። ድገሚልኝ።»

ከመስታወቱ ወዲያ የጊታሪስቱ ልጅ ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰች። ስቱዲዮ የሚሉት የአባቷን ጋራዥ ነው። ግድግዳውን የሸፈነውን የእንቁላል ካርቶን ሁለቱ ጎረምሳ ሳሉ ነበር የለጠፉት፤ ዛሬ አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ አፈር ሆኗል።

ጊታሪስቱ ሊሞት ሲል ኮስተር ብሎ፣ «አልበማችንን ጎዶሎ ብታስቀርብኝ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋህ» ብሎታል። የቀረው የመጨረሻው ዘፈን ብቻ ነው። ዘፈን ከተባለ! ለሚወዱት ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው፤ ለጎረቤት ግን ማለቂያ የሌለው ጣጣ። ምቱ አንዴ ሰባት አንዴ አምስት እያለ ሲያምታታ ይቆይና መሀሉ ላይ ጭር ይላል። ከዚያ ዝምታ ጊታርና ኪቦርድ እኩል መውጣት አለባቸው። ጊታሪስቱ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው እዚያው ተደግፎ የራሱን ድርሻ ተጫውቶ ሄደ። ኪቦርዲስቱ ደግሞ ይኸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ያንን በር ማግኘት አቅቶታል።

«ጋሼ፣ ልቁጠርልዎት?»

«እኔና አባትሽ ቆጥረን አናውቅም።»

«በሰባት ምት እየተጫወታችሁ?»

«ከበሮ መቺያችን ይቆጥር ነበር። ጥሎን የሄደውም በሱ ተናዶ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። ቅጂው እንደገና ተነሳ፤ ጊታሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ዝም አለ። ኪቦርዲስቱ በዚህኛው ዙር ለመግባት አልሞከረም፤ ጆሮውን ብቻ ጣለ። ዝምታው ንጹሕ ነው። ታጥቦ እንደተደፋ ብርጭቆ ንጹሕ።

ያኔ ገባው።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ የነበረውን ምን አደረግሽው?»

«የቱን?»

«ትንፋሹን። አባትሽ ከመግባቱ በፊት በአፍንጫው አየር ይስባል፣ ጉንፋን እንደያዘው ፈረስ። ዕድሜዬን ሙሉ በሱ ነው የገባሁት።»

ልጅቷ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «አጸዳሁት» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉንም። ሲር ሲር ይላላ፣ ጋሼ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሰማው የከረምኩት ድምፅ ነው። እሱን እየሰማሁ መሥራት አቃተኝ።»

«በቃ ተይው» የሚለው ቃል ኪቦርዲስቱ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«ዋናው ቅጂ አለ?»

«አለ። መጣልም አቃተኝ።»

«እንግዲያው መልሺውና አንቺ ውጪ ቆዪ። አንዴ ብቻ ነው የምጫወተው።»

«ማን ሊቀርጽልዎት? ድመቷ?» አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ያጠፋችውን ትንፋሽ ሁሉ ወደየቦታው መለሰችው።

ጊታሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ዝም አለ። ከዝምታው ውስጥ ትንፋሹ ተሳበ፤ ረጅም፣ የተቆራረጠ፣ ዳገት ላይ እንደደከመው ሰው። ልጅቷ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። የኪቦርዲስቱ ጣቶች ወረዱ፤ ከጓደኛው ጋር እኩል ገባ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመው! ጊታሩ ሲሸሽ አባረረው፣ ሲያኮርፍ አባበለው፣ ድሮ መድረክ ላይ እንደሚያደርገው ሆን ብሎ መንገድ ዘጋበት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም አንድ ኖታ ላይ ተገናኙ፤ ኖታውም እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ጠፋ። ልጅቷ እጇን ወደ ማቆሚያው ሰደደች።

ቅጂው ውስጥ ትንፋሹ እንደገና ተሳበ።

ከሱ በኋላ የተቀረጸ ምንም ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የኪቦርዲስቱ እጆች ግን ከቁልፎቹ ከፍ ብለው፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ አየር ላይ ጠበቁ። ልጅቷም ማቆሚያውን አልነካችውም።