የሩቅ ዓለም እንግዶች ቀን

ሸዋሮቢት ላይ የጠፈር ፊልም የሚወዱ ወጣቶች በዓመት አንድ ቅዳሜ በሙሉቀን ቪዲዮ ቤት ይሰበሰባሉ። ከካራቆሬም ከአጣዬም ይመጣሉ። ፊልም ያያሉ፣ ይከራከራሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጡ መስለው ለብሰው ይወዳደራሉ። ቀኑን የሩቅ ዓለም እንግዶች ቀን ይሉታል።

በዚህ ዓመት እትዬ ናፊሳም መጡ። ፊልም አይተው አያውቁም። በሩ አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሻርፓቸውን አስተካከሉ። የመጡት ልጃቸውን ሰዲቅን ፍለጋ ነው።

ሰዲቅ ከሐሙስ ጀምሮ ቤት አላደረም። ለቅዳሜ የሚለብሰውን እየሠራ ስለሆነ ጓደኛው ጀይላን ዘንድ እንደሚያድር በእህቱ በኑርሃን በኩል ልኮ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ከሰፈሩ ወጣቶች ደላላ ተከትለው ጠፍተዋል። በአፋር በረሃ አድርገው ሳውዲ ሊገቡ ነው ተባለ።

የእትዬ ናፊሳ ወንድም ሙሳ አብሯቸው መጥቷል። አማቹ ባቲ ላይ ሻይ ቤት አለው። ደላሎቹ መኪና የሚያቆሙት እዚያ ነው።

«ልጆቹን ኮምቦልቻ አጠገብ ደብቀው አቆይተዋቸዋል» አለ ሙሳ። «ዛሬ ከመግሪብ በፊት ባቲን ያልፋሉ። ሰዲቅ እዚህ ካልመጣ ለአማቼ እደውላለሁ፣ ከመኪናው ጎትቶ ያወርደዋል።»

«ከመጣስ?»

«ከመጣማ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ እይዘዋለሁ።» ስልኩን ከእጁ አላወረደም። «ኑርሃንን ምነው ተውሻት?»

«አሟታል። ጠዋት ተሸፋፍና እንደተኛች ነው የተውኳት።»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሙሉቀን መሀል ወጥቶ ደንቡን ተናገረ። ጭምብል ያጠለቀ እንግዳ ፀሐይ እስክትጠልቅ አያወልቅም። ቃልም አይተነፍስም።

«የሩቅ ዓለም ሰው አማርኛ አይችልም» አለ።

«ኦሮምኛስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱንም።»

«አርጎብኛ ግን ሳይችል አይቀርም። አያቴ ሲያወሩ ለማንም አይገባም።»

ቤቱ ሳቀ። እትዬ ናፊሳ አልሳቁም።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ገቡ። አንዱ የማዳበሪያ ከረጢት ብርማ ቀለም ቀብቶ ለብሷል። ሌላው የሞተር ሳይክል ሄልሜት ላይ አንቴና ተክሏል። ከነሱ ኋላ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ጭምብል ገባ፤ በዐይኖቹ ዙሪያ የብስክሌት አንጸባራቂ ተለጥፎበታል። ይህን ጭምብል ከተማው ያውቀዋል። ሰዲቅ አምና ያሸነፈው በሱ ነው።

«ይኸው ሰዲቅ!» አለ ጀይላን፣ ሁሉም እስኪሰማው።

ሙሳ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«አልሐምዱሊላህ። ወሬ ነበር ማለት ነው።»

እትዬ ናፊሳ ጭምብሉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

ጭምብሉ ረጅም ካፖርት ለብሷል። እጅጌው ጓንቱን አልፎ ተንጠልጥሏል። ቦት ጫማው የከበደው ይመስል ቀስ እያለ ተራመደ።

«ሰዲቅ፣ ከሳህ እንዴ?» አለ የካራቆሬ ልጅ። «ደግሞ አረማመድህ የሙሽራ ሆነ።»

«የኛ መሬት አልለመደውማ» አለ ጀይላን። «ከሩቅ የመጣ ሰው አትነካካ።»

ውጭ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ሙሳ በበሩ አጮልቆ አየና ወደ እህቱ ጎንበስ አለ።

«ነገሩ ገባኝ» አለ በቀስታ። «ከነዚያ ጋር ያልሄደው ከዚሁ ሊነሳ ነው። ይሄ መኪና እሱን ነው የሚጠብቀው። ዐይንሽን አትንቀይበት።»

«እያየሁት ነው» አሉ እትዬ ናፊሳ።

አስር ሰላት ደረሰ። ሙስሊሞቹ ልጆች ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ወጡ። ጭምብሉም ከኋላቸው ወጥቶ እስከ ቧንቧው ደረሰ። እነሱ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ግን ተመልሶ ገብቶ ተቀመጠ።

«ሰላቱን ሊተው ነው?» አለ ሙሳ።

«ጭምብል ማውለቅ ስለማይቻል ነው ጋሼ» አለ ጀይላን። «በኋላ ይሰግዳል።»

ሙሳ ከበሩ አልተነቃነቀም። ፊልሙ ተጀመረ፣ አለቀ። ስለ ፊልሙ ክርክር ተነሳ። አንዱ ሰው ማርስ ላይ ሽንኩርት ይበቅልለታል አለ፤ ሌላው በምን ውሃ ብሎ ጮኸበት። ጭምብሉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ ናፊሳ የሚያዩት እሱን ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአይሱዙው ሾፌር ከምግብ ቤት ወጣ። ሽንኩርት የሞሉትን ከረጢቶች በሸራ ሸፈነና ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ነዳ።

«ሄደ» አለ ሙሳ፣ ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ። «የሽንኩርት መኪና ነው ለካ። በከንቱ ነው የጠረጠርኩት።»

«ሙሳ» አሉ እትዬ ናፊሳ። «አሁን ባቲን አልፈዋል?»

«እነማን? እነዚያማ ይሄኔ አልፈዋል። አማቼም ቢሆን ከእንግዲህ አይደርስባቸውም። ምን አስጨነቀሽ፣ የኛ እንደሆነ ይኸው እዚህ ነው።»

አዛን ተሰማ። ሙሳ ለመግሪብ ወደ መስጊድ ወጣ። ሙሉቀን ጊዜው መድረሱን ተናገረ፤ ልጆቹ ጭምብላቸውን እያወለቁ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ እየተሳሳቁ ወጡ። ጀይላን ከሁሉም ቀድሞ ሄዷል።

የቆርቆሮው ጭምብል ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

እትዬ ናፊሳ ወንበሮቹን አልፈው መጡና ፊት ለፊቱ ቆሙ። ጓንት ያጠለቀውን እጅ አንስተው ያዙ። ጓንቱ ሰፊ ነው። በላዩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

ሌላው እጅ ቆርቆሮውን ለማውለቅ ተነሳ።

«አታውልቂው፣ ኑርሃን» አሉ እትዬ ናፊሳ። «እስከ ቤት ከሰዲቅ ጋር ልሂድ።»