ክዳን ያለው ገንዳ

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ አንድ ባልና ሚስት ገቡ። የሚስትየዋ ግራ ዓይን አብጦ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ ከንፈሯም ተሰንጥቋል። ባልየው በር የሚሞላ ሰው ነው። ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋን ይዞ ይመራታል።

ሻጩ ገና ሲያያቸው ደሙ ፈላ። አርባ አምስት ዓመት ሲኖር ብዙ ነገር ተሳስቷል፤ ሚስቱን የሚደበድብ ወንድ ግን ከመቶ ሰው መሃል ነጥሎ ያወጣል።

«በአየር የሚነፋ የበረዶ ገንዳ ፈልገን ነበር፤ ለቤት፣» አለ ባልየው።

ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳያቸው። ክቡ ጠባብ ነው፤ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ነው የሚቀመጥበት። ሞላላው ግን ያስተኛል፤ ወፍራም ክዳንና አራት ማሰሪያም አለው።

«ብትታገል አይገለበጥም?» ባልየው ጠየቀ። «እሷ እኮ በረዶ ሲነካት መውጫዋን ነው የምታየው። እኔ ነኝ ይዤ የማቆያት።»

«ውሃ ከሞላ ወዲያ ሁለት ሰው ቢታገልበትም ንቅንቅ አይልም።»

«በረዶውስ ቶሎ ይቀልጣል?»

«ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ያድራል። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ከረጢት መጨመር ብቻ ነው።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ከባንኮኒው ማዶ ሳቀች። «እሱን ስሙት፤ ያየውን ነው የሚነግራችሁ። ማክሰኞ ቦርጭ ላጥፋ ብሎ እንደዚሁ ያለ ሞላላ ለራሱ ከወሰደ ወዲህ የሰፈሩን በረዶ እሱ ነው የጨረሰው። ቦርጩ ግን ያው እንዳለ ነው።»

ሚስትየዋ በደህናው ዓይኗ ሻጩን አየችው። «ባለቤትዎም ይገቡበታል፣ ጋሼ?»

«እሷ እህቷ ጋ ሄዳለች፣» አለና የሸሚዙን እጅጌ የተቧጨረ አንጓው ላይ ሳበው።

ባንኮኒው ላይ በሳህን ከረሜላ ነበር። ሚስትየዋ አንዷን ልታነሳ ስትል ባልየው እጇን ቸብ አደረገው። «ምን ተባብለን ነበር?»

«አንድ ብቻ።»

«አንድም የለም። ቅዳሜ ሁሉም ነገር ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሚጨቀጭቅሽ ሰው አይኖርም።»

እጇን ሰበሰበች። ሻጩ ግን ቅዳሜ የምትለው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረች። ሞላላውን ገዙ፤ ከሞላላዎቹ ሱቁ ውስጥ የቀረው ያ አንዱ ብቻ ነበር። ሻጩ ቤታቸው ድረስ አምጥቶ እንደሚገጥምላቸው ነገራቸው። ሥራው አልነበረም፤ አላስቻለውም እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ገንዳውን ጭኖ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ሲብሰለሰል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር መነሻው ጥፊ ነው። ይቅርታ ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ይታረቃል። ከዚያ አንድ ቀን እጅ ከታሰበው በላይ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ይቅርታ የሚጠየቅ ሰውም አይገኝም። ይቺን ማትረፍ አለበት። ቢያንስ ይቺን።

ባልየው ጓሮውን አሳይቶት ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ሻጩ የካርቶኑን ማሰሪያ በቢላ እየቆረጠ ሳለ ከቤት ውስጥ ድው ድው የሚል ድምፅ መጣ። ሴትየዋ አቃሰተች። አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ተነሺ። ማን ተኚ አለሽ?» አለ የባልየው ድምፅ። «እጅሽን አታውርጂ ስንቴ ልንገርሽ?»

ድው አለ እንደገና። ሴትየዋ ጮኸች።

የሻጩ እጅ ሳተና ቢላው ካርቶኑን አልፎ የገንዳውን ጎን ተረተረው። ዞር ብሎም አላየው። ከገንዳው ጋር የመጣውን የብረት መንፊያ አንስቶ በሩን በትከሻው በረገደው።

ባልየው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሻጩ ጭንቅላቱን አልሞ ሰነዘረ። ሰውየው ዘወር ሲል መንፊያው ጆሮውን ልጦ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ደም ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሻጩ ሊደግም ክንዱን አነሳ። ከዚያ ያየው ነገር ቢኖር አንድ ቀይ ጓንት ብቻ ነው።

ሲነቃ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ አፍንጫው በጥጥ ተወትፏል። ከጣሪያው ላይ ትልቅ የቆዳ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ሴትየዋ ጓንት አጥልቃ የተነሳችው ፎቶ ተለጥፏል፤ ከስሩ «ቅዳሜ» ይላል በትልቁ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ እጄ ነው የቀደመኝ፣» አለች ሴትየዋ አጠገቡ ተንበርክካ። «ቦክሰኛ ነኝ። እሱ ባሌም ነው፣ አሰልጣኜም ነው። ዓይኔን አይተው ነው አይደል? ይሄ ያለፈው ሳምንት ግጥሚያ ነው። የተጋጣሚዬን ቢያዩትማ ምን ሊሉ ነው።»

ሻጩ በሀፍረት ዓይኑን ጨፈነ።

«ምንም አይፈሩ። ለማያውቋት ሴት እንዲህ የሚሆን ሰው የት ይገኛል? ባለቤትዎ የታደሉ ናቸው።»

«ባልሽስ?»

«ጆሮውን አስሬለት ወጥቷል። ገንዳው ተቀዷል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ በረዶ ውስጥ ካልገባሁ ቅዳሜ ክንዴ አይነሳም። ሱቅ ብንደውል ሌላ ሞላላ የለም። ገንዘብ ተቀባይዋ ናት የእርስዎ ቤት እዚሁ ቅርብ መሆኑን የነገረችን። ‹ጆሮዬን ልጦ ገንዳዬን ቀዶ፣ የራሱን ለሦስት ቀን ቢያውሰኝ አይበዛበትም› ብሎ ቁልፉን ከኪስዎ ይዞ ሄደ። አሁን ሳይደርስ አይቀርም።»

ሻጩ ሊነሳ ሞከረ። ሴትየዋ በደረቱ መልሳ አስተኛችው።

«ይተኙ እንጂ፣ ጋሼ። በረዶውን ራሱ ይደፋዋል።»

ስልኳ ጮኸ፤ ባሏ ነው። «ክዳኑን ፈታኸው?» ብላ እየሳቀች አነሳችው። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ብዙ አዳመጠች። ስልኩን አስቀመጠችና ቀዩን ጓንት ከወለሉ ላይ አንስታ እጇን ከተተችበት።

«ሚስትህ የት ሄደች ነበር ያልከው?» አለችው።